የትኬት ዋጋ በጋምቤላ ፀሐይ ሥር



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ገንዘብ ነው። ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ባሉት በአንደኛ ሊግ ወይም በከፍተኛ ሊግ የሚጫወት ክለብ በር ላይ ስለሚቆረጠው ትኬት ነው። ስለ ተጫዋቾች ዝውውርና ደመወዝ በየሬዲዮው ሰዓታት ይወራል፤ ስለዚህች ቁራጭ ወረቀት ግን አንሥቶ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ሲነሣም መልሱ ዝግጁ ነው፤ «የእኛ ትኬት ርካሽ ነው፣ ሕዝቡ የማይመጣው የአገር ውስጥ ኳስ ስለማይወድ ነው» ይባላል።

ይህ አባባል ለጋምቤላ አይሠራም። ኡመድ ኡኩሪና ጋቶች ፓኖም የበቀሉት ከዚህ አፈር ነው። ኡመድ ለብሔራዊ ቡድናችን ጎል ያገባ አጥቂ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ እስክንድርያው አል ኢትሃድ ተሻግሮ በግብፅ ሊግ ለዓመታት ተጫውቷል። ጋቶች ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ2017 ሩሲያ ድረስ ሄዶ ለአንዚ ማካቻካላ ፈርሟል። ፀሐይዋ በረድ ስትል ከኒውላንድ እስከ ባሮ ዳር ባዶ መሬት ያለበት ሁሉ በልጆች ይሞላል። እንዲህ ያለ ሕዝብ ኳስ አይወድም ማለት አይቻልም። ታዲያ ስታዲየሙ በራሱ ክለብ ጨዋታ ቀን ለምን አይሞላም?

በመጀመሪያ ርካሽ ነው የሚባለውን ዋጋ በአንድ ቤተሰብ ኪስ ልክ እንየው። በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ ማሻሻያ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 4,760 ብር አድርጎት ነበር። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 159 ብር አይሞላም። የጡረታና ሌላው ተቀናሽ ገና አልተነካም። እንግዲህ በዚህ ደመወዝ የሚኖር አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እሑድ ከሰዓት ሦስት ልጆቹን ይዞ ኳስ ሊያይ ተነሣ እንበል። ለስሌት ያህል ትኬቱን 20 ብር እናድርገው። ለአራት ሰው 80 ብር ነው። የቀን ገቢው ግማሽ በር ላይ ቀረ ማለት ነው። ባጃጅ ለመሄጃና ለመመለሻ ይከፍላል። ልጆቹ ውሃ ይጠማቸዋል፤ በዚህ ሙቀት ደግሞ ውሃ አይከለከልም። ከጨዋታው ሲመለስ የሙሉ ቀን ደመወዙ አልቋል፤ ሰኞ ጠዋት ዳቦ የሚገዛው ከሌላ ቀን ገንዘብ ነው።

ይህ ሰው የወር ደመወዝ ያለው ነው። ከባሮ ዓሣ አውጥቶ የሚሸጠው ወጣት፣ ማንጎ ደርድራ መንገድ ዳር የምትቀመጠው እናት፣ በቀን ሥራ የሚያድረው ግንበኛ ያን ያህል እንኳን እርግጠኛ ገቢ የላቸውም። ገበያ የቀዘቀዘ ቀን 20 ብርም ብዙ ነው።

አባትየው ታዲያ ምን ያደርጋል? ብቻውን ይሄዳል። ቢበዛ ትልቁን ወንድ ልጅ ያስከትላል፤ ሴት ልጁና ታናናሾቹ ቤት ይቀራሉ። የክለቡ ገንዘብ ያዥ ይህን እንደ ኪሳራ አይመዘግበውም፤ ምክንያቱም ያልመጣ ሰው በደረሰኝ ላይ አይታይም። እኔ ግን ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው እላለሁ። በስምንትና በዘጠኝ ዓመቱ የከተማውን ክለብ በአካል ያላየ ልጅ ሃያ ዓመት ሲሞላው የዚያ ክለብ ደጋፊ አይሆንም። ልቡን ለአርሰናል ወይም ለማንችስተር ዩናይትድ ሰጥቶ ጨርሷል። ሰፈሩ ውስጥ ያለው የዲኤስቲቪ ቤት ጥላ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ በአንድ መግቢያ ብር ሙሉ ጨዋታ ያሳየዋል። ልጁ የሚመርጠው በአቅሙ የሚደርስበትን ነው። የዲኤስቲቪ ቤቱን ባለቤትም አልወቅስም፤ ደንበኛውን አውቆ ዋጋውን በደንበኛው ኪስ ልክ ቆርጧል። ክለቦቻችን ይህን ሥራ አልሠሩም።

ሁለተኛው ክፍያ ፀሐይ ነው። በአገራችን ስታዲየሞች መቀመጫን በጥላ መሸጥ የቆየ ልማድ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ሰው ሚስማር ተራን፣ ካታንጋን፣ ከማን አንሼን፣ ጥላ ፎቅን፣ ክቡር ትሪቡንን ያውቃል። ወደ ጥላው በተጠጋህ ቁጥር ዋጋው ይወጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሰው ብዙ ቀን ሙቀቱ አይከብደውም። ጋምቤላ ያለችው ከ550 ሜትር በታች ነው። በየካቲትና በመጋቢት፣ ሊጎቹ በሚጋጋሉበት ወቅት፣ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። በዚህ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ያለ ጥላ መቀመጥ ለሽማግሌ፣ ለነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ላዘለች እናት የጤና አደጋ ነው። የደጋውን የዋጋ ደረጃ ወደ ቆላ አምጥተን ጥላውን ለክብር እንግዳ፣ ፀሐዩን ለድኻ ካደረግን ርካሹ ትኬት ርካሽ አልሆነም። ገንዘቡን የቀነስንለትን ሰው በጤናው እናስከፍለዋለን።

ሦስተኛው ክፍያ መንገድ ነው። በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን።

በ2013 ዓ.ም የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ መልኩ ተለወጠ። የዲኤስቲቪ ባለቤት መልቲቾይስ የሊጉን የቴሌቪዥን መብት ለአምስት ዓመት በ22.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ወሰደ። ወቅቱ የኮሮናም ወቅት ነበር። ካሜራና መብራት በየከተማው ማዘዋወር ስለሚያስቸግር ጨዋታዎቹ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ እንዲካሄዱ ተወሰነ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። በዚያው ዓመት የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የጎንደር ሕዝብ ግን በዚያ ዓመት አንድም የሊግ ጨዋታ በፋሲለደስ ስታዲየም አላየም። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ዋንጫ ክለቡ ሲያነሣ የጎንደር ሽማግሌ ወይ መንገድ ተጉዟል፣ ወይ ዲኮደር ያለበት ቤት ፈልጓል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም አሠራሩ ቀጠለ፤ ከፍተኛ ሊጉም ክለቦችን በየምድቡ በአንድ ከተማ ሰብስቦ የማጫወት መንገድ ተከተለ።

ክለቦች ከዚህ የሚያገኙት ጥቅም የለም አልልም። አንድ ከተማ ላይ ከርሞ መጫወት በየሳምንቱ አገር ከማቋረጥ ያነሰ የትራንስፖርት ወጪ አለው። ከቴሌቪዥን ውሉ የተገኘው ገንዘብም ለፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ትርጉም ያለው ነበር። ነገር ግን የከፍተኛ ሊግና የአንደኛ ሊግ ክለብ ያን የቴሌቪዥን ገንዘብ አያገኝም። እርሱ የራሴ የሚለው ሀብት ደጋፊው ነው፤ እርሱንም ከእርሱ አራቅነው። ከጋምቤላ አዲስ አበባ በመኪና ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጎሬንና መቱን፣ በደሌንና ጅማን አልፎ ሐዋሳ ወይም ድሬዳዋ የሚደርስ ደጋፊ የአውቶቡስ፣ የአልጋና የምግብ ሒሳቡን ሲደምር የበሩ ትኬት በነፃ ቢሰጠው እንኳ የሚለወጥለት ነገር የለም። ለመሃል አገር ክለብ ይህ አሠራር ችግር ነው። ለዳር አገር ክለብ ግን ደጋፊ አልባ ሆኖ መኖር ማለት ነው።

መላው ኢትዮጵያ ይህን ሕመም በአንድ ወቅት ቀምሶታል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርት አያሟሉም ብሎ ካገደን በኋላ ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳው» የተባለውን ጨዋታ በሰው አገር መጫወት ጀመረ። በሰኔ 2014 ዓ.ም ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍነው ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። ለብዙ ዓመት ያልታየ ድል ነበር፤ እዚያ ስታዲየም ውስጥ ሆኖ ያየው ኢትዮጵያዊ ግን ጥቂት ነው። በ2005 ዓ.ም ጥቅምት ላይ ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 ረትተን ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስንመለስ ከተማው ሌሊቱን ሳይተኛ አድሯል። የሊሎንግዌው ድል ያን ዓይነት ሌሊት አልሰጠንም። ቡድን ከሜዳው ሲርቅ ሕዝቡ ምን እንደሚያጣ ያን ጊዜ ሁላችንም አይተናል። የጋምቤላ ደጋፊ ይህን ስሜት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያውቀዋል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የክለብ አመራሮች ትኬት ካልሸጥን በምን እንኖራለን ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱንም በሒሳብ መፈለግ ይቻላል። በ2011 ዓ.ም መጨረሻ የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳያልፍ ተስማምተው ነበር። በ20 ብር ትኬት ስናሰላው የአንድ ተጫዋች የወር ደመወዝ ብቻ 2,500 ትኬት ይፈልጋል። ቡድን ደግሞ ከሃያ በላይ ተጫዋች፣ አሠልጣኞች፣ ወጌሻ፣ ሹፌር አለው። የዝቅተኛ ሊግ ደመወዝ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ተመልካቹም ያነሰ ነው። ስለዚህ በር ላይ የሚሰበሰበው ብር ክለቡን እንደማያኖር ማንም ገንዘብ ያዥ ያውቃል። በአገራችን አብዛኞቹን ክለቦች የሚያኖራቸው የከተማ አስተዳደር በጀት፣ የክልል መንግሥት ድጋፍ ወይም የመንግሥት ድርጅት ነው። ስማቸው ራሱ ይናገራል፤ ሐዋሳ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ድሬዳዋ ከተማ።

ስለዚህ ነዋሪው ለክለቡ አንድ ጊዜ በግብሩ ከፍሏል። ማንጎ ሻጯም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም፣ ባጃጅ ነጂውም ከፍለዋል። በሩ ላይ ሁለተኛ ስናስከፍላቸው የምናገኘው ገንዘብ ለክለቡ ጠብታ ነው፤ የምናጣው ደግሞ እነርሱን ነው። የበሩ ዋጋ ክለቡን የማያኖረው ከሆነ ሥራው አንድ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ማን ገብቶ ማን ውጭ እንደሚቀር መምረጥ።

ምርጫውም ፍትሐዊ አይደለም። በየስታዲየሞቻችን በር ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ነገር ነው። ባለ ባጁ ይገባል፣ ባለ ጥሪ ወረቀቱ ይገባል፣ የኃላፊው ዘመድ «ከእኔ ጋር ነው» ተብሎ ይገባል፤ ጥላው ሥር የሚቀመጡትም እነርሱ ናቸው። መክፈል የሚችለው በነፃ ሲገባ መክፈል የማይችለው ልጅ አጥር ላይ ይንጠላጠላል፣ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ፖሊስ በዱላ ያባርረዋል። ይህን ማስተካከል አንድ ብር አይጠይቅም። የክብር መግቢያውን ቁጥር መወሰንና ዝርዝሩን ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

«ነፃ የሆነ ነገር ይናቃል» የሚል ተቃውሞ አለ፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሰው ጥቂትም ቢሆን ሲከፍል የእኔ ነው ይላል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የእንግሊዙ ብራድፎርድ ሲቲ ነው። ብራድፎርድ በሱፍ ፋብሪካዎቿ የታወቀች፣ ፋብሪካዎቹ ሲዘጉ የደኸየች ከተማ ናት። ክለቧ በአንድ ወቅት ፕሪሚየር ሊግ ደርሶ በዕዳ ወድቆ አራተኛ ዲቪዚዮን ድረስ ወረደ። አመራሩ ግን ዋጋውን ከመስቀል ይልቅ አወረደ። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት፣ ክለቡ ሦስተኛ ዲቪዚዮን እያለ፣ የዓመቱን ሙሉ ትኬት 149 ፓውንድ አደረገው፤ ለአንድ ጨዋታ ሲካፈል ስድስት ፓውንድ ተኩል ገደማ ነው። ከ18,000 በላይ ሰው ገዛ። ከእርሱ በላይ ባለው ዲቪዚዮን ያሉ ብዙ ክለቦች ያን ያህል ተመልካች አልነበራቸውም። ክለቡ ትኬቱን በነፃ አልሰጠም፤ በከተማው ሰው ገቢ ልክ ቆርጦ፣ ገንዘቡን ዓመቱ ሳይጀመር ሰበሰበ። የዓመት ክፍያን አስቀድሞ መሰብሰብ ለጋምቤላ ክለብም የሚቻል ነገር ነው፤ ደመወዝተኛው ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ብር እያስቆረጠ የዓመት ካርድ ቢይዝ የማይችለውን ጎረቤቱን ይሸከማል።

በዚያው አገር የላይኛው ሊግ ያለውንም በአጭሩ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 የሊቨርፑል ደጋፊዎች ክለቡ ለአንድ መቀመጫ 77 ፓውንድ ሊያስከፍል ነው ሲባሉ ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወት በ77ኛው ደቂቃ በሺዎች ሆነው ስታዲየሙን ለቀው ወጡ። ክለቡ በቀናት ውስጥ ይቅርታ ጠይቆ ዕቅዱን ሰረዘ። ደጋፊ ድምፅ ሲኖረው ዋጋ ይሰማል።

ስለ ሴቶችም የምለው አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1885 የእንግሊዙ ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ክለብ አንድ ቀን ሴቶች በነፃ ይግቡ ብሎ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሴቶች መጡ። ያን ያህል ሴት ኳስ ማየት እንደሚፈልግ የገመተ አልነበረም። ጋምቤላ ውስጥም ሴት ልጅ ኳስ ትጫወታለች፣ ስለ ኳስ ትከራከራለች። ስታዲየም ውስጥ የማትታየው የቤቱ ብር ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀረው የእርስዋ ትኬት ስለሆነ ነው። ብቻዋን ወጥታ መመለስም ያሰጋታል። ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ በር፣ ጥላ ያለው መቀመጫና ነፃ መግቢያ ቢኖር በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ የተመልካቹ መልክ ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

ጋምቤላ ላይ ይህ ጉዳይ ከኳስም ያልፋል። አኙዋው፣ ኑዌሩ፣ መዠንግሩ፣ ኦፖው፣ ኮሞው፣ ከደጋ የመጣውም የሚኖርበት ክልል ነው። ከደቡብ ሱዳን የመጡ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችም እዚህ ተጠልለዋል፤ ከከተማዋ ብዙም በማይርቀው በጀዊ መጠለያ ያሉት ወጣቶች የሚጫወቱት ይህንኑ ኳስ ነው። ባለፉት ዓመታት በዚህች ከተማ ሰዓት እላፊ የታወጀባቸው፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው መሻገር ያስፈራባቸው ቀናት እንደነበሩ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ኳስ በራሱ ሰላም ያመጣል ብዬ አልሰብክም፤ በአገራችን ስታዲየሞች ውስጥ ድንጋይ ሲወረወርም አይተናል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ልጆች በብሔር ሳይለዩ አንድ ማሊያ ደግፈው አጠገብ ለአጠገብ የሚቀመጡበት ቦታ ጥቂት ነው። በየሰፈሩ የዲኤስቲቪ ቤት የሚሰበሰበው የዚያው ሰፈር ሰው ነው። ስታዲየም ግን ሁሉንም ሰፈር ይሰበስባል፤ በሩ ላይ በኪስ ካልተለዩ ማለት ነው። 20 ብር የሌለው ወጣት ያን ዕለት የሚውለው ከራሱ ሰፈር ልጆች ጋር ብቻ ነው።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ በግልጽ ልናገር። የሊጎቹ ባለቤቶች የቴሌቪዥን ካሜራ የማይመጣበትን ዝቅተኛ ሊግ በቴሌቪዥን ሕግ ማስተዳደራቸውን ያቁሙ። ለዳር አገር ክለቦች ቢያንስ የውድድሩ አንድ ዙር በየተራ በሜዳቸው ይሰጣቸው፤ ጋምቤላም አስተናጋጅ ትሁን። በ2008 ዓ.ም ኅዳር ላይ አሥረኛውን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ከመላ አገሪቱ የመጣ እንግዳ ተቀብላ ያስተናገደች ከተማ ናት፤ ለአንድ የሊግ ምድብ አታንስም። የከተማው አስተዳደር ለክለቡ በጀት ሲያጸድቅ የትኬቱንም ዋጋ አብሮ ይወስን፤ ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ከወላጅ ጋር በነፃ ይግባ፣ ተማሪ በመታወቂያው በግማሽ ዋጋ ይግባ፣ ጥላው ለሽማግሌዎችና ለእናቶች ይለቀቅ። ጨዋታው ፀሐይዋ ስትበርድ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ይጀመር።

እናንተ ደመወዝ ያላችሁ ወገኖቼ፣ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ነጋዴዎች፤ በመጪው የውድድር ዘመን የጥሪ ወረቀት አትጠይቁ። ትኬታችሁን ቁረጡ፣ ከቻላችሁም አንድ ትርፍ ቁረጡና አጥሩ ላይ ለተንጠላጠለው ልጅ ስጡት።